«ካኻ» መልስ የማይሆንበት ጥቁር መስኮት

 

የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ትንሽ ለየት ያለ ነው። ስለ ኮምፒዩተር ነው፤ ያውም ስለ ትልቁ ሳይሆን ጥፍር ስለሚያህለው። «ቴክኒክ ነገር አይገባኝም» የምትሉ ወላጆች እባካችሁ አትለፉት። ነገሩ የልጆቻችሁ ጉዳይ ነው፤ ደግሞም የሚጀምረው ከአንዲት አሮጊት መድኃኒት ነው።

የእህቴ ልጅ የኤሌክትሮኒክስ ሃንዳሳይ ትምህርት ይማራል። እናቴ፣ ማለትም የእሱ አያት፣ የደም ግፊት ኪኒን ጠዋትና ማታ በየ12 ሰዓቱ ትወስዳለች። በማሸጊያው ላይ ያለውን ዕብራይስጥ አታነብም፤ ሰዓቱንም ቢሆን እስከ ዛሬ የምትቆጥረው እንደ አገር ቤቱ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት እያለች። ታዲያ ልጁ አዘነላትና በትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ አምፖል ሠራላት። አምፖሉ በየ12 ሰዓቱ ይበራል፤ ኪኒኗን ውጣ ቁልፉን ስትጫን ይጠፋል። ቤተሰቡ ሁሉ ተደሰተ፤ እናቴም ጎረቤት በመጣ ቁጥር «የልጅ ልጄ የሠራልኝ» እያለች ታሳይ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ስልክ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይህ መብራት ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የሚጠራኝ? ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወስጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በራ። ልዋጥ ወይስ ልተወው?»

እግዚአብሔር ይመስገን ጠየቀች። ባትጠይቅስ ኖሮ? በግማሽ ቀን አራት ኪኒን ነበር።

ልጁን ጠርቼ «ምንድን ነው የሆነው?» አልሁት። ነገሩን ዘረዘረልኝ። መጀመሪያ ሲሠራው አምፖሉ 8 እጥፍ ዘግይቶ ነበር የሚበራው። በሴኮንድ አንዴ ብልጭ እንዲል ያዘዘው በ8 ሴኮንድ አንዴ ይል ነበር። አንድ ጓደኛውን ጠየቀ፤ ጓደኛውም «ቁጥሩን ለ8 አካፍለውና ይስተካከላል» አለው። አካፈለው፣ ተስተካከለ።

«ለምን ለ8 ሆነ?» አልሁት።

«እኔ እንጃ አጎቴ። ካኻ።»

እዚህ እስራኤል የምትኖሩ ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። በውጭ ላላችሁ አንባቢያን ግን «ካኻ» ማለት «እንዲሁ ነው፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ» እንደ ማለት ነው። ከቢሮ መስኮት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከአውቶቡስ ሹፌር የምትሰማ አጭር መልስ ናት። እኛም ከመጣን ጀምሮ ስንሰማት ኖረን ራሳችንን ነቅንቀን «እሺ» ማለት ለመድን።

ለማንኛውም፣ ሳምንት ሲቀረው የሳጥኑ ቺፕ ተበላሸ። ልጁ ከክፍል ጓደኛው ያንኑ ዓይነት ቺፕ ተቀብሎ፣ ያንኑ ፕሮግራም ጭኖ መለሰው። ቺፑ አንድ ዓይነት፣ ፕሮግራሙም አንድ ዓይነት ነው። አሁን ግን አምፖሉ 8 እጥፍ ፈጠነ። 12 ሰዓት ለ8 ሲካፈል አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እናቴን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ሲጠራት የዋለው ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ እኔ ለመናገር የምፈልገው ስለዚህ ነው። ልጃችን ሰነፍ አይደለም፤ ጎበዝ ነው። ያስተማሩት ግን ከላይ ነው። የተዘጋጀ ሰሌዳ፣ የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ባለ ቀለም መስኮት ሰጡትና «ይህን ተጫን» አሉት። ከሥር ያለውን አላሳዩትም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማይክሮኮንትሮለር የሚማር ልጅ መጀመሪያ በአሴምብለር፣ ያውም በጥቁሩ መስኮት፣ ኮማንድ ላይን በሚባለው፣ ቢጀምር ይሻለዋል። ዕድሜ ልኩን እዚያ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ስድስት ሳምንት ይበቃዋል።

ለመሆኑ ማይክሮኮንትሮለር ምንድን ነው? በልብስ ማጠቢያው፣ በአየር ማቀዝቀዣው፣ በመኪና ቁልፉ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ፣ ሁሉ ነገሩ በአንድ ቺፕ ላይ የሆነ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። እኛ የያዝነው ኤቲታይኒ 13 የሚባለው ነው። 8 እግር አለው። ለፕሮግራም 1024 ባይት፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ 64 ባይት፣ ለሥራ ደግሞ ሬጂስተር የሚባሉ 32 ትንንሽ መደርደሪያዎች አሉት። በሁለት ተራ የራዲዮ ድንጋይ ይሠራል። ቤተሰቡ ኤቪአር ይባላል፤ ሐሳቡን ያፈለቁት በኖርዌይ፣ በትሮንድሄም ከተማ ይማሩ የነበሩ አልፍ-ኤጊል ቦገንና ቬጋርድ ዎላን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። አትሜል የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ ለገበያ አወጣው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በማይክሮቺፕ ኩባንያ እጅ ነው። ልብ በሉ፣ ተማሪዎች ናቸው የጀመሩት።

ይህ ቺፕ አማርኛም ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም አያውቅም። የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። አሴምብለር የሚባለው ፕሮግራም አጫጭር የትእዛዝ ቃላትን ተቀብሎ አንድ በአንድ ወደ ቁጥር የሚለውጥ አስተርጓሚ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1949 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ሥራ ሲጀምር፣ ዴቪድ ዊለር የጻፈው አጭር ፕሮግራም በፊደል የተጻፉ ትእዛዞችን ወደ ማሽኑ ቁጥር ይለውጥ ነበር። ትልልቆቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱን መስመር ወደ ብዙ ትእዛዝ ይዘረግፉታል፤ ምን እንደ ዘረገፉም ተማሪው አያይም። አሴምብለር ግን አንድ መስመር ከሰጠኸው አንድ ትእዛዝ ነው የሚያወጣው። ሰውየው ያልጻፈውን ነገር አይጨምርም።

ያን ዕለት ማታ ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ የድሮውን ላፕቶፔን ከፈትሁ። አቭራ የሚባለውን ነጻ አሴምብለር ነው የምጠቀመው። መስኮቱ ጥቁር ነው፣ አዝራር የለውም፣ ሥዕል የለውም። በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራምህን ትጽፋለህ፤ ከዚያ በጥቁሩ መስኮት «አቭራ» ብለህ የፋይሉን ስም ጽፈህ ኢንተር ትጫናለህ። ስህተት ካለ የስህተቱን መስመር ቁጥር ይነግርሃል። ከሌለ ለቺፑ የሚሆን ፋይል ያወጣልሃል። በሁለተኛ ትእዛዝ፣ ኤቪአርዱድ በሚባለው ፕሮግራም፣ ፋይሉን በዩኤስቢ ገመድና በትንሽ መጫኛ ወደ ቺፑ ታስተላልፋለህ። በቃ፣ ሁለት ትእዛዝ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ ፕሮግራሞቹ አንዴ ከተጫኑም ኢንተርኔት አያስፈልግም።

አንድ አምፖል ግማሽ ሴኮንድ በርቶ ግማሽ ሴኮንድ እንዲጠፋ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፍን። 12 መስመር ሆነ። እያንዳንዱ ትእዛዝ 2 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ 24 ባይት ነው። ልጁ ሳቀ። በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ በአርዱዊኖ፣ ይህንኑ የሚያደርገው ፕሮግራም 900 ባይት ገደማ ይይዝ ነበርና። ለእውነት ለመናገር፣ ያ ትርፉ ሁሉ ብክነት አይደለም፤ ሰዓት ቆጣሪና ሌላም ሌላም ነገር ተዘጋጅቶ ይመጣል። ግን ልጁ 900ው ባይት ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ 24ቱን ግን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

ከዚያ እስክሪብቶ አስያዝሁትና «አምፖሉን ሳንሰካ፣ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ በወረቀት ቁጠር» አልሁት። የአሴምብለር ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ መቁጠር ይቻላል። ቺፑ እንደ ልብ ይመታል፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት ምት እንደሚፈጅ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። አንዱን ሬጂስተር በ200 ትሞላለህ፣ 1 ምት። አንድ ትቀንሳለህ፣ 1 ምት። ዜሮ ካልደረሰ ትመለሳለህ፣ 2 ምት፤ በመጨረሻው ላይ ስለማትመለስ 1 ምት ብቻ። ድምሩ ልክ 600 ምት ነው። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ቺፑ በሴኮንድ 1,200,000 ጊዜ ይመታል። ስለዚህ 600 ምት የሴኮንድ ሁለት ሺህኛ ነው። ይህንን 250 ጊዜ፣ ያንን ደግሞ 4 ጊዜ ብትደግመው 1000 ጊዜ ሆነ፤ ግማሽ ሴኮንድ ማለት ነው። ለድግግሞሹ የሚወጡት ጥቂት ምቶች የሴኮንድ አራት መቶኛ ያህል ይጨምራሉ። ልጁ ይህንንም ቆጠረው።

መጀመሪያ በእጄ የነበረውን አዲስ ቺፕ ሰካን። ግማሽ ሴኮንድ፣ ግማሽ ሴኮንድ። ልክ በወረቀቱ ላይ እንዳለው። ከዚያ ከአያቱ ሳጥን ያወጣነውን ቺፕ በዚያው ፕሮግራም ሞከርነው። አምፖሉ ተርገበገበ። በሴኮንድ 16 ጊዜ ነው የሚለዋወጠው።

«8 እጥፍ ፈጠነ» አለ ልጁ። ከዚያም ዝም ብሎ ቆየና «ፕሮግራሙ አንድ ከሆነ፣ ልዩነቱ ከልብ ምቱ ነው ማለት ነዋ!» አለ።

አያችሁ? ማንም አልነገረውም። የሚጠረጥረው ነገር ስላለቀ ብቻ ደረሰበት። 12ቱን መስመር አንድ በአንድ ያውቃቸዋልና ስህተቱ እዚያ ሊደበቅ አልቻለም።

በዚያው ጥቁር መስኮት የሁለቱንም ቺፖች ፊውዝ አነበብን። ፊውዝ ማለት እዚህ ላይ የሚቃጠለው ሽቦ አይደለም፤ ቺፑ ሲነሣ የሚያያቸው የማስተካከያ ቁጥሮች ናቸው። የአዲሱ ቺፕ 0110 1010 አለ። የሌላው 0111 1010 አለ። ስምንቱን ቁጥሮች በጣት እየነካን አነጻጸርናቸው። ከቀኝ አምስተኛዋ ብቻ ናት የተለየችው። መመሪያው ስለዚያች ቢት ሲናገር፣ ዜሮ ከሆነች የልብ ምቱ ለ8 ይካፈላል ይላል። የቺፑ የተፈጥሮ ምት በሴኮንድ 9,600,000 ነው፤ ፋብሪካው ለ8 አካፍሎ 1,200,000 አድርጎ ያወጣዋል። የክፍል ጓደኛው አንድ ቀን ቺፑ እንዲፈጥንለት ያችን ቢት ለውጧት ኖሯል። የእኛ ልጅ የመጀመሪያ ፕሮግራም ደግሞ ምቱ 9,600,000 ነው ብሎ የተጻፈ ነበር። እንግዲህ «ለ8 አካፍለው» የተባለው ምሥጢር ይኸው ነው። እናቴን አራት ኪኒን ሊያስውጣት የነበረው አንዲት ቢት ናት።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በዚህ ቺፕ ሬጂስተርን በቀጥታ በቁጥር መሙላት የሚቻለው ከ16ኛው እስከ 31ኛው ባሉት ላይ ብቻ ነው። ከ0 እስከ 15 ባሉት ላይ ብትሞክር አሴምብለሩ «ስህተት» ብሎ ይመልስሃል። ልጁ ወዲያው «ለምን?» አለ። ደስ አለኝ። አሴምብለሩ የሚያወጣውን ዝርዝር ከፍተን «16ኛውን ሬጂስተር በ200 ሙላ» የሚለውን መስመር አየን። ቁጥሩ 1110 1100 0000 1000 ነው። የመጀመሪያው አራት ትእዛዙ ነው። ሁለተኛውና የመጨረሻው አራት ሲጋጠሙ 1100 1000 ይሆናሉ፤ 128 ሲደመር 64 ሲደመር 8፣ ያው 200 ነው። ለሬጂስተሩ የተረፈው ሦስተኛው አራት ቢት ብቻ ነው። በአራት ቢት ደግሞ መቁጠር የሚቻለው 16 ነገር ነው። 32 ሬጂስተር አይበቃበትም፤ ስለዚህ የላይኞቹን 16 መረጡ። ክፋት አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። ቦታው ጠቦ ነው። ሕጉ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም በዓይን ይታያል።

አሁን ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። «ዛሬ ማን በአሴምብለር ይሠራል? ኩባንያዎች የሚፈልጉት ሲ የሚባለውን ቋንቋ ነው፤ ለልጁ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ እኔም በሥራዬ አብዛኛውን የምጽፈው በሲ ነው። አሴምብለር ድክመቱ ብዙ ነው። ለአንዱ ቺፕ የጻፍኸው ለሌላው ቤተሰብ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ሲረዝም ዓይን ያፈዛል፤ ለትልቅ ሥራ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ከአብዛኞቻችን የተሻለ ትእዛዝ ያወጣሉ። አርዱዊኖንም አልነቅፍም። በ2005 በጣሊያን ከወጣ ወዲህ ስንት ልጅ ሽቦና አምፖል እንዲነካ አድርጓል።

ነገር ግን ጥያቄው በምን ይሠራል የሚለው ሳይሆን በምን ይማራል የሚለው ነው። ኡልፓን የገባን ሰዎች እናውቀዋለን። በዕብራይስጥ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንደ በቀቀን አጥንቶ ቢሮ የሄደ ሰው፣ ጸሐፊዋ ጥያቄውን ትንሽ ለወጥ ካደረገችበት አፉን ይዞ ይቀራል። ፊደሉንና ግሱን ከሥሩ የተማረ ግን ቢንተባተብም መልስ አያጣም። የተዘጋጀ ፕሮግራም ብቻ የሚያውቅ ልጅም እንዲሁ ነው። ሁሉ ነገር እንደ ታሰበው ሲሄድ ጎበዝ ይመስላል፤ ሲበላሽ «ለ8 አካፍለው» የሚለውን ሰው ፍለጋ ይሄዳል። ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ደመወዙ የሚለየው ሲበላሽ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ በተለይ የእኛን ልጆች ይመለከታል። እኛ ያደግነው ልጅ ትልቅን ሰው «ለምን?» ብሎ አይሞግትም ተብለን ነው። ጨዋነት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ልጆቻችን ይህን ጨዋነት ይዘው ክፍል ይገቡና፣ ሌላው ልጅ አሥር ጊዜ ሲጠይቅ የእኛ ልጅ ያልገባውን ውጦ ይመለሳል። አስተማሪውም «ገብቶታል» ይላል፤ ወይም ከዚህ የባሰ፣ «ይህ ልጅ ለዚህ ትምህርት አይሆንም፣ ቀለል ወዳለው ይሂድ» ይላል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአባቶች ቃል የደረሰብን እዚህ ነው። ጥቁሩ መስኮት ግን አይቀየምም። መቶ ጊዜ ብትሳሳትና ብትጠይቀው ፊቱን አያጠቁርብህም፤ በአነጋገርህ አይስቅም፤ አባትህ ማን እንደ ሆነ አይጠይቅህም። የመስመሩን ቁጥር ይነግርሃል፣ አስተካክለህ ትመለሳለህ። ልጅ እዚያ «ለምን?» ማለትን ከለመደ በኋላ ሰው ፊትም አይፈራም።

አባቶቻችን በጎንደር ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ባለ እጅ በመሆናቸው የተሰደቡትን ስድብ አንረሳውም። ግን ቀጥቃጭ ማረሻውን ከገበያ ገዝቶ አልነበረም የሚሸጠው። ብረቱ መቼ እንደሚለሰልስ ከቀለሙ ያውቅ ነበር፤ ማረሻው ቢሰበር የተሰበረበትን ምክንያት ይናገር ነበር። ልጆቻችንም የእጅ ባለሙያ ልጆች ናቸውና እንዲሁ ይሁኑ እላለሁ።

እንግዲህ የማትናስ ኮርስ የምታዘጋጁ፣ ልጆች የምታስጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ልመናዬ ይህ ነው። የተዘጋጀውን ሰሌዳ ከማውጣታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ባለ 8 እግር ቺፕ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሬዚስተር፣ ሁለት ድንጋይ ስጡት። 12 መስመር ይጻፍ። ሳይሰካ በወረቀት ይቁጠር። ከዚያ ይሰካ። ቁጥሩና አምፖሉ ካልተስማሙ መልሱን አትንገሩት፤ ትንሽ ይቸገር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ሲም ሆነ ወደ ሌላ ቢሄድ ከሥሩ ምን እንዳለ እያወቀ ይሄዳል። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ሥራውን ሲያሳያችሁ «ጎበዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። «ለምን እንዲህ ሆነ?» በሉት። «ካኻ» ካላችሁ ገና አልተማረም።

የእናቴን ነገር ሳልጨርስላችሁ አልቀርም። ልጁ መመሪያውን ማንበብ ከጀመረ በኋላ ሌላ ነገር አገኘ። የዚያ ቺፕ የውስጥ ምት ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ አሥር በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ የ12 ሰዓት አሥር በመቶ ደግሞ 72 ደቂቃ ነው። ቺፑ የክሪስታል መግጠሚያም የለውም። ስለዚህ ኤቲታይኒ 85 ወደሚባለው ዘመዱ ተሻግሮ በእጅ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ክሪስታል ገጠመለት፤ እሱ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይመታል፤ 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሲካፈል ልክ አንድ ሴኮንድ ይሆናል። ያም ሆኖ ልጁ ራሱ «አያቴ፣ መብራቱ ማስታወሻ ብቻ ይሁን፣ አትመኚው» ብሎ ከፋርማሲ የሳምንት የኪኒን ሳጥን ገዛላት፤ ጠዋት አንድ ጉድጓድ፣ ማታ አንድ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ወስዳለች ማለት ነው። መብራቱ ቢሳሳትም ሳጥኑ አይሳሳትም።

የሠራውን ነገር እስከ የት ድረስ ማመን እንዳለበት ማወቁ ከመብራቱ ይበልጥ አስደሰተኝ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምታሳየው መብራቱን ነው።

ቸር ያሰማን፣ በሰላም ሰንብቱ።